ጀሪካኑን አንሡት

በእኛ ቤት ፎቶ ከመነሣት በፊት ጽዳት ይቀድማል። ሰው ተሰልፎ፣ ስልኩ ተደቅኖ፣ ልጆቹ በቁጣ ቀጥ ብለው ከቆሙ በኋላ የአንዱ ዓይን ጥግ ላይ ያርፍና "ያንን ጀሪካን አንሡት!" ይላል። ጀሪካኑ ይነሣል። ከዚያ መጥረጊያው ይታያል፤ እሱም ይነሣል። ከዚያ ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ፀሐይ የሚሞቀው በርበሬ። በመጨረሻ የሚቀረው ነጭ ግድግዳና ግድግዳውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን የያዙ ሰዎች ናቸው።

ይህ ነገር ያናድደኛል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የቤቱ ዋና ባለሥልጣን ጀሪካን ነው። ሌሊት ቀስቅሶ የሚያስነሣን እሱ ነው፤ ሠርግም ለቅሶም የሚቆመው በእሱ ነው። ካሜራ ሲመጣ ግን እንደ ሰካራም ዘመድ ወደ ጓዳ ይገፋል። ለእንግዳ "ቤት ያፈራውን" እያልን የምናቀርብ ሰዎች፣ ለካሜራ የምናቀርበው ቤት ያላፈራውን ነው።

አመሉን ያስተማረን ፎቶ ቤት ይመስለኛል። በልጅነቴ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ልብስ ከተገዛ ፎቶ ቤት መሄድ የበዓሉ አንድ ክፍል ነበር። ከኋላ ባሕርና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። ከኩሬ በቀር ውሃ ተጠራቅሞ አይቶ የማያውቅ ልጅ፣ ለሚመጣውም ዓመት እንዲሆነው ተብሎ ከእግሩ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ አድርጎ፣ በባሕር ዳርቻ ይቆማል። እጁ ላይ ገመዱ የትም ያልተሰካ ስልክ ይሰጠዋል።

"ጋሼ፣ ማን ነው ያለው?" አልኩ መነጋገሪያውን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ።

"ዝም በል፣ ጥርስህ ይታያል" አለ ፎቶ አንሺው፤ አገጬንም በሁለት ጣቱ ቀና አደረገው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ተረት እዚያ ቤት ሕግ ነበር። ፎቶው ዛሬም አለ። ፊቴን ላየው በዚያ ስልክ የማልችለው ዕዳ የተነገረኝ እመስላለሁ።

ለነገሩ አመሉ ከላይ የወረደ ሳይሆን አይቀርም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀዋል። በእነዚያ ፎቶዎች ላይ ካባ አለ፣ ኒሻን አለ፣ ጎራዴ አለ፤ ሳቅ የለም። ንጉሥ ያልሳቀበትን ነገር ተራው ሰው ምን ብሎ ይስቅበታል?

በፎቶ ታሪክ ውስጥ ግን ገና ከመነሻው ለእንዲህ ያለ ክብር የማይመች ነገር ተቀምጧል። ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1838 ፓሪስ ውስጥ ቡሌቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ጎዳና ከላይ ሆኖ አነሣ። ሰውና ሠረገላ የሚተራመስበት ጎዳና ነው። ምስሉ ላይ ግን ጭር ብሏል። የዚያን ጊዜ ካሜራ በቂ ብርሃን እስኪያገኝ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ሳይያዝ አለፈ። የተያዙት ጥግ ላይ አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ የቆመ ሰውዬና ከሥሩ ያጎነበሰ ጫማ ጠራጊ ናቸው። እስከ ዛሬ በሚታወቀው፣ የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ የተነሣው እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ሊስትሮ ፊት ቆሞ።

ሹሙ፣ ነጋዴው፣ ባለ ሠረገላው፣ ቀጠሮ የረፈደበት ሁሉ ተጣድፎ ከታሪክ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እነዚያ ግን የሚለቅሙት እንኳ አልቀረላቸውም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሊስትሮ ፊት ስቀመጥ እግሬን ረጋ አድርጌ ነው። ማን ያውቃል።

ጫማና ፎቶ የቆየ ዝምድና ያላቸው ይመስለኛል። ፓሪሳዊው ጫማ በማስጠረጉ ታሪክ ውስጥ ገባ። እኛ ዘንድ ከገነኑት ፎቶዎች አንዱ ደግሞ በ1960 ሮም ላይ፣ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ለጥፎ በባዶ እግሩ የሚሮጠው የአበበ ቢቂላ ነው። አበበን ያነሣው የሰፈራችን ፎቶ ቤት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚባለው "ጫማ አድርጉለት" ነበር።

የዳጌር ምስል መጨረሻስ? ሙኒክ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ በሰላም ከኖረ በኋላ ሊያጸዱት ሲነካኩት ክፉኛ ተበላሸ። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናየው ከጽዳቱ በፊት የተነሣለትን ቅጂ ነው። ይህን ታሪክ በእያንዳንዱ በዓል፣ መጥረጊያውን ለሚሸሽጉት ዘመዶቼ እነግራለሁ። የሚሰማኝ የለም።

ሌላው ዓይኔ የማይጠግበው ፎቶ የአንሪ ካርትዬ ብሬሶን ነው። በ1932 ፓሪስ ውስጥ ከሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ኩሬ ሲዘል። ተረከዙ ውሃውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ከኋላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አለ፤ ማስታወቂያው ላይም አንዲት ተወዛዋዥ በዚያው አኳኋን ትዘላለች። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ያስገባው በአጥር ሳንቃ ቀዳዳ ነበርና ሳንቃው አንዱን ጎን ሸፍኖበት ኋላ ቆርጦ ጣለው።

ኩሬስ ቢሆን ከእኛ ወዲያ! ሐምሌ ላይ ታክሲ መያዣው አጠገብ ድንጋይ ደርድረን የምንሻገረው ኩሬ የሳን ላዛሩን ሦስት እጥፍ ይሆናል። አንድ ጠዋት ስልኬን ይዤ ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ሰው ሲዘል ስልኬ ተቆልፎ ነበር። ሁለተኛው ፌስታል ጭንቅላቱ ላይ አስሮ እንደ ተመኘሁት ዘለለ፤ እኔ ያገኘሁት ግን የተረጨውን ውሃ ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ነጠላዋን ሰብስባ ድንጋዩ ላይ እንደ ቆመች አየችኝ።

"አንተ! ምን ልታደርገው ነው የምታነሣኝ?"

"ለጥበብ ነው፣ እትዬ።"

"ጥበብህን ትተህ እጅህን ብትዘረጋልኝ ምን ነበረበት?"

ስልኬን ኪሴ ከትቼ አሻገርኳት። መረቀችኝም። ሳስበው ካርትዬ ብሬሶን ያን ሰውዬ እጁን ዘርግቶ ቢያሻግረው ኖሮ የአንድ ሰው ካልሲ ይደርቅ ነበር፤ ዓለም ግን ያን ፎቶ አታገኝም ነበር። በሳንቃ ቀዳዳ እጅ አይገባም ብሎ ይሟገት ይሆናል። የእኛ ሰፈር ኩሬ አጥር የለውም።

ቆርጦ መጣል ካልን፣ የአይንስታይንም አለ። በ1951 ሰባ ሁለተኛ ዓመቱን ባከበረበት ዕለት፣ ፎቶ አንሺዎች ፈገግ እንዲል ሲነዘንዙት ምላሱን አውጥቶ አሳያቸው። በዋናው ፎቶ ላይ መኪና ውስጥ የተቀመጠው በሁለት ወዳጆቹ፣ በባልና ሚስት መካከል ነው። ምስሉን ወደደው፤ ወዳጆቹን አስቆርጦ የራሱን ፊት ብቻ አስቀረና ለሰው መላኪያ አደረገው። ይህን ያህል የተማረ ሰው እንዲህ ካደረገ በእኛ አይፈረድም።

በእኛ አልበም ውስጥ የአጎቴ ፎቶ አለ። ከክርክም ፀጉሩ ጋር፣ ከሰፊ ሱሪው ጋር፣ ጎኑ በመቀስ የተስተካከለ። ግራ ትከሻው ላይ ባለቤት የሌላት እጅ አርፋለች፤ ጥፍሯ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። እጅዋን ለመቁረጥ የአጎቴን ትከሻ መቁረጥ ስለሚያስፈልግ ቀረች። የአጎቴ ሚስት ከዚያ ገጽ ስትደርስ ዛሬም "ቡናው ፈላ መሰለኝ" ብላ ትነሣለች።

መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ መቀስም አያስፈልግም። ከየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ አንዱ ይወርዳል፤ በዚያው ሚስማር ሌላው ይሰቀላል። የሚስማሩን ያህል ሥልጣን ላይ የቆየ የለም።

አንድ ፎቶ ግን አለ፣ ቀልዱን አፌ ላይ የሚያደርቅብኝ። መቅደላ በወደቀበት ዓመት፣ በ1868፣ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባለው እንግሊዛዊት ፎቶ አንሺ ልጅ ዓለማየሁን በዋይት ደሴት አነሣችው። ሰባት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ያገሩን ልብስ አልብሰው አስቀምጠውታል። አባቱ መቅደላ ላይ ቀርተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አርፈዋል። ከእሱ ፎቶ ዙሪያ ጀሪካን አልተነሣም፤ አባትና እናት፣ አገርም ጭምር ናቸው የተነሡት።

ወደ ስልኬ ልመለስ። "ቦታ ሞልቷል" እያለ ሲነዘንዘኝ ልሰርዝ እከፍተዋለሁ። በዓሉ፣ ምርቃቱ፣ ሠርጉ ጥቂት ነው። የቀረው ምንድን ነው? የሠርግ ጥሪ ወረቀት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የታክሲ ሰሌዳ፣ ገንዘብ መላኬን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ፣ ሜካኒኩ "ይህን ዕቃ ግዛ" ብሎ ያነሣልኝ ዝገት የበላው ብረት። ለጥበብ ያነሣሁት ሁሉ ደብዛዛ ነው፤ ለክርክር ያነሣሁት ሁሉ ጥርት ያለ።

ከሁሉ የምወደው የመብራት ቆጣሪያችን ፎቶ ነው። ከቆጣሪ አንባቢው ጋር ልሟገትበት ነበር ያነሣሁት። ቁጥሩ አሁን ማንንም አይጠቅምም። ነገር ግን በቆጣሪው መስታወት ላይ እኔ አለሁ፤ ፒጃማ ለብሼ፣ ፀጉሬ ቆሞ፣ ከኋላዬ የግቢው በርና የጎረቤት ውሻ። ማንም "ተዘጋጅ" ያላለኝ ብቸኛ ፎቶዬ ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ጨረቃ ላይም ደርሷል። በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ አርምስትሮንግ እጅ ነበር። ስለዚህ ዓለም በየካላንደሩ የሚሰቅለው፣ ጨረቃ ላይ የቆመው ሰው አልድሪን ነው። ቀድሞ የረገጣት አርምስትሮንግ በዚያ ዝነኛ ፎቶ ላይ የሚታየው በጓደኛው ቆብ መስታወት ውስጥ፣ በጣት በማትሞላ ነጭ ጥላ ሆኖ ነው። ሐበሻ ቢሆን ኖሮ "በል እስኪ እኔንም አንድ አንሣኝ፤ እናቴ አታምነኝም" ሳይል አይመለስም ነበር።

ዋሽንግተን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከእኛ ሁሉ የተለየ ፎቶ ይጠይቃል። በበዓል ቀን ቤተሰቡ ተደርድሮ የተነሣውን ስንልክለት አንድ ጊዜ ያመሰግንና "እስኪ ግቢውን አሳዩኝ" ይላል። በቪዲዮ እንደውልለታለን። እናቴ ከኋላዬ ትሮጣለች፤ ምጣዱን ታነሣለች፣ ጀሪካኑን በእግሯ ወደ ጥግ ትገፋለች።

"ኧረ እማማ፣ ተዪው! እሱን ነው ያልኩት!" ይላል ከወዲያ።

"ምኑን?"

"ቢጫውን! ክዳኑ ዛሬም በላስቲክ ነው የሚታሰረው?"

እናቴ ግራ ትጋባለች። ልጁ ተቸግሮ ይሆን ብላ ስልኩ እንደተዘጋ ትጠይቀኛለች።

እርግጥ ያ ልጅ የሚፈልገው ሌላም ነገር አለ፤ እናቱን። አክስቴ በአልበማችን ውስጥ የለችም ማለት ይቻላል። በዓል ሲሆን ማለዳ ዶሮ የምትገነጥል፣ ሽንኩርት የምታቁላላ፣ "ኑ ፎቶ ልንነሣ ነው" ሲባል "እናንተ ተነሡ፣ ወጡ ያርብኛል" የምትል እሷ ነበረች። ፎቶው ላይ ያለነው የሠራችውን የበላን ነን። ቆማ የዋለችው ሴት ሳትታይ ተቀምጠን የዋልን እንታያለን። በዳጌር ጎዳና ላይ የጠፉትም እንደ እሷ ሥራ የያዙት መሆን አለባቸው።

ስትሞት ለለቅሶው የሚሆን ፎቶ ፍለጋ ቁም ሣጥኑ ተገለበጠ። የተገኘው ለመታወቂያ የተነሣችው ጉርድ ብቻ ነው። ጉርድ ፎቶ ደግሞ ይታወቃል። ሁለቱም ጆሮ ይታይ፣ ሻሽ ይውለቅ፣ አትሳቂ፣ አትኮሳተሪ። ለዲቪ ሲሆንማ በየጥቅምቱ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ይዘን፣ መነጽራችንን አውልቀን፣ ነጭ ጨርቅ ተደግፈን አሜሪካን የምንለምነው በዚያ ፊት ነበር። ጉርድ ፎቶ ላይ ተጠርጣሪ የማይመስል ሰው አላየሁም። ያን ጥፍር የምታህል ፎቶ አሳድገን በመስታወት አስገባነው። ሲያድግ ፊቷ ደበዘዘ። አልቃሾቹ አንሥተው ሲያለቅሱባት አንዷ ጎረቤት ቀስ ብላ "የማን ፎቶ ነው?" ስትል ሰማኋት።

ኋላ አልበሙን ስናገላብጥ ግን አገኘናት። የፋሲካ ፎቶ ነው። እኛ መሀል ላይ ጥርስ በጥርስ ሆነናል። በስተቀኝ ከጠርዙ ጀበና የያዘች እጅ ገብታለች። ሌላው አካሏ የለም። አውራ ጣቷ ላይ የቢላ ጠባሳ አለ፤ እሷ መሆኗን ያወቅነው በእሱ ነው። ፎቶውን ያነሣው ወንድሜ ያኔ "አበላሸሽው!" ብሎ ተቆጥቷት እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች። አሁን ከአልበሙ ሁሉ ቅጂ የሚለመንበት ያ የተበላሸው ነው።

ዶሮቴያ ላንግ ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር እላለሁ። በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ አጠገብ፣ አተር ለቃሚዎች በሰፈሩበት ሜዳ ያነሣቻት እናት ፎቶ በዓለም እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው። ሴትየዋ እጅዋን አገጭዋ ሥር አድርጋ ሩቅ ታያለች፤ ሁለት ልጆቿ ፊታቸውን አዙረው ትከሻዋ ላይ ተደፍተዋል፤ ሕፃን ታቅፋለች። በቀኝ በኩል ከታች፣ የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ነበረበት። ላንግ ጣቱ ምስሉን ያበላሸ መስሏት ከዓመታት በኋላ ከነጌቲቩ ላይ አስጠፋችው። አለቃዋ በነገሩ አልተደሰተም። ልብ ብሎ ላየው ጥላው ዛሬም አለ። ታላቅ ፎቶ አንሺ ናት፤ በዚህች ጣት ጉዳይ ግን አልስማማትም። ያን ድንኳን የያዘው እሱ ነው።

የሴትየዋ ስም ደግሞ ሳይጠየቅ ቀረ። ፊቷ በየጋዜጣው ሲዞር፣ ዝና ሲያገኝ፣ እሷ አንዲት ሳንቲም ሳይደርሳት ልጆቿን ስታሳድግ ከ40 ዓመት በላይ ኖረች። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኗ የተሰማው በ1978 ነው፤ እሷም በነገሩ መከፋቷን አልደበቀችም። የፓሪሱ ሊስትሮ ስምማ ጨርሶ አይታወቅም፤ የደንበኛውም።

በሰው አገር መፍረድ ቀላል ነው። የራሳችንን አልበም ስንገልጥስ? እንግዳ መጥቶ ቡና እስኪፈላ "አልበም አምጪላቸው" ይባላል። እንግዳው በትሕትና ይገልጣል።

"ይሄስ ማነው?"

"እሱማ... የእትዬ... ቆይ እስኪ፣ ያ ፖስታ ቤት ይሠራ የነበረው አይደለም?"

"አይ፣ እሱ እንኳ ቀይ ነበር።"

ፎቶው ተልጦ ሲገለበጥ ከጀርባው ባማረ የእጅ ጽሑፍ "ይህን የማይናገር ምስሌን ለማስታወሻ" ይላል። ስም የለም፣ ቀን የለም። ሰጪው "ያውቁኛል" ብሎ፣ ተቀባዩ "አልረሳውም" ብሎ ተለያይተዋል። አሁን ለማስታወሻ የተሰጠ ነው፤ የማን እንደሆነ የሚያስታውስ ግን የለም። በቤታችን ካሉት ፊቶች ስንቱን በስሙ የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ከዓመት ዓመት "ስሙ ምላሴ ላይ ነው" ማለት አብዝታለች።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አልበሙን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርደው ከቤቱ ትልቅ ሰው አጠገብ ይቀመጡ። እንግዳ እስኪመጣ አይጠብቁ። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በየትኛው በዓል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከጠርዝ የገቡትንም እጆች ጭምር። መልሱን ከፎቶው ጀርባ ይጻፉ። እስክሪብቶ ይጫናል፣ ቀለሙም ወደ ሌላው ፎቶ ይተላለፋል፤ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ። እርሳስ ከሌለ ከልጆቹ ቦርሳ ይበደሩ።